ተንቀሳቃሽ ጥፍርን ለመቆጣጠር የወጣው መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ መሥሪያ ቤት ሞልቷል። ከተማዋን ከጥፍር አደጋ የታደገ ግን የእኛ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ትሕትና የመሥሪያ ቤታችን መለያ እንደሆነ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት፣ በስድስተኛው ተራ ቁጥር ተጽፏል። እኔ ይትባረክ እባላለሁ። የንግድ ፈቃድ በምንሰጥበት በዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፤ ኃላፊያችን አቶ ዳኘው ሲናገሩ አንዲት ቃል ከእጄ አምልጣ አታውቅም፤ ሲያስነጥሱ እንኳ በቅንፍ አስገብቼዋለሁ። ስለዚህ የምነግራችሁን ሁሉ በቦታው ሆኜ ያየሁት መሆኑን እመኑኝ።

ነገሩ የጀመረው በየብርጓል ነው። የብርጓል ዓባይ ማዶ የምትኖር የሠላሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ዘጠኝ ዓመት በአንድ የውበት ሳሎን የእጅና የእግር ጥፍር ስትሠራ ቆይታ፣ ባለቤቲቱ ቤቱን ለሞባይል መሸጫ ሲያከራዩት ከሥራ ወጣች። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያማርር ነበር። እሷ መቁረጫዋን፣ ሞረዷን፣ ቀለሞቿንና አንዲት ሳፋ በትልቅ ቦርሳ ከትታ፣ በባጃጅ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። አራስ ቤት ገባች፤ ሙሽራ ቤት ገባች። ከሁሉ የበዙት ደንበኞቿ ግን ጎንበስ ብለው እግራቸው ላይ መድረስ ያቃታቸው ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ነበሩ። ለእነሱ ቀለም አትቀባም። እግራቸውን ለብ ባለ ውኃ ትዘፈዝፋለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሞርዳለች፣ ስለ ጉልበታቸውና ስለማይደውሉላቸው ልጆች ሲነግሯት ትሰማለች።

እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለባትም። ጥፋቷ ፈቃድ ላውጣ ብላ ወደ እኛ መምጣቷ ነው። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ ከፋሲካ በኋላ ለሠርግ የሚያርፉትን ሙሽሮች ክፍላቸው ድረስ ሄዳ እንድትሠራ ሊያዋውላት ፈልጎ ነበር፤ ፈቃድ ግን አምጪ አላት። ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍባት፣ ፖሊስ ሳይላክባት፣ በገዛ እግሯ ተነሥታ መጣች። እንዲህ ያለ ሰው አይተን ስለማናውቅ በመጀመሪያ ተጠራጠርናት።

ቅጹን የሚሞላው ክንዱ ነው። ክንዱ ለአሠራር ያለው ፍቅር ከሰው በላይ ነው፤ ከባለጉዳዩ በላይ ማለቴ ነው።

«የሥራ ቦታ አድራሻ?» አላት።

«ደንበኞቼ ቤት።»

«የሱቅሽን ነው የጠየቅሁሽ።»

«ሱቅ የለኝም። እኔው ነኝ ቤታቸው የምሄድ።»

ክንዱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሱቅ ከሌለሽ» አላት በሐዘን፣ «ብታጠፊ ምኑን ነው የምንዘጋው?»

ይህን ጥያቄ ቀለል አድርጎ የሚያይ ሰው የአስተዳደርን ጥበብ አያውቅም። የሚዘጋ በር የሌለው ንግድ ፈቃድ ቢሰጠው፣ ነገ ሌላውም በሩን ነቅሎ ይመጣል። ክንዱ ጉዳዩን በዕለቱ ወደ አቶ ዳኘው አቀረበ፤ አቶ ዳኘውም በማግስቱ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ።

አቶ ዳኘው ሲናገሩ ተረት ይወዳሉ፤ ተረቱ ከጉዳዩ ጋር ባይገናኝም ግድ የላቸውም። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ነውና» ብለው ዘጠኝ አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ቀጥለውም ጥፍር ትንሽ ነገር መስሎ እንዳይታየን አሳሰቡ። እያንዳንዱ ነዋሪ የእጅና የእግር ሃያ ጥፍር እንዳለው፣ ይህም በከተማው ሕዝብ ብዛት መባዛት እንዳለበት ገለጹ። ክንዱ በስልኩ አባዝቶ ቁጥሩን አነበበ። ያን የሚያህል ጥፍር ያለ አንዳች መመሪያ ሲያድግ መኖሩን ማናችንም አስበነው አናውቅም ነበር።

ኮሚቴው ሥራውን የጀመረው በስያሜው ላይ በመወያየት ነው። የብርጓል በማመልከቻዋ «ተንቀሳቃሽ የጥፍር እንክብካቤ» ብላ ስለጻፈች፣ የሚንቀሳቀሰው እንክብካቤው ነው ወይስ ጥፍሩ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ገሚሶቻችን እንክብካቤው ነው አልን። ክንዱ ግን ጥፍር ከባለቤቱ ጋር ገበያ እንደሚወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚስም፣ አልፎ ተርፎም አዲስ አበባ ደርሶ እንደሚመለስ አስረድቶ ረታን። በዚሁ መሠረት «ተንቀሳቃሽ ጥፍር» የሚለው ቃል ጸደቀ። ግማሽ ቀን ፈጀ፤ ግን ጠርቷል።

ቀጥሎ የመስክ ጥናት ያስፈልግ ነበር። የብርጓል የሰው እግር የምትዘፈዝፈው በሙቅ ውኃ በመሆኑ፣ የሙቅ ውኃን ጠባይ ከምንጩ ማጥናት ተገቢ ሆኖ ተገኘ። ዘጠኛችንም ወንዛዬ ወረድን። ሦስት ቀን ፍል ውኃው ውስጥ ገብተን አጠናን፤ አቶ ዳኘው ለወገባቸውም ጭምር አጠኑ። ስንመለስ ያቀረብነውን ግኝት ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፦ «ውኃው ሙቅ ነው። ጥፍር በሙቅ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይለሰልሳል።» የብርጓል ይህን ለመማር ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶባታል፤ እኛ በሦስት ቀን ደረስንበት።

እሷ በየማለዳው እየመጣች ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ትቀመጥ ነበር። ጉዳይሽ ጥናት ላይ ነው እንላታለን፤ እሺ ብላ ትሄዳለች። ፋሲካ ደረሰ፤ አለፈ። የእንግዳ ማረፊያውም መጠበቅ ታከተውና ሌላ ሰው ቀጠረ። ያን ቀን መጥታ አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ቦርሳዋን አልያዘችም። ለምን አልያዝሽም ብዬ ብጠይቃት፣ የሙሽሮቹ ሥራ ቀረብኝ፣ ዛሬስ ምን ላድርግበት አለችኝ። ፊቷን አየሁት፤ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚገባ ነገር ስላልነበረ አልጻፍሁትም።

በግንቦት መመሪያው ወጣ። አሥራ አራት አንቀጽ አለው፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ስለ ጥፍር ያወራሉ። በመመሪያው መሠረት የብርጓል ሄዳ የምትሠራበት የሰው ቤት ሁሉ «ጊዜያዊ የጥፍር ጣቢያ» ይባላል። ጣቢያውም የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የተገልጋይ መቆያ ወንበር፣ የእሳት ማጥፊያ፣ እንዲሁም የወንድና የሴት ተብሎ የተለየ መጸዳጃ ሊኖረው ይገባል። ይህን ሳያሟላ ጥፍር የተቆረጠበት ቤት ይታሸጋል። በዚህ ዓይነት ክንዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያስጨነቀው ጥያቄ መልስ አገኘ፤ የምንዘጋው የደንበኞቿን ቤት ነው።

የብርጓል የደንበኞቿን ስምና አድራሻ እንድታቀርብ ታዘዘች። የሠላሳ አንድ ሰው ዝርዝር በንጹሕ ጽሕፈት ጽፋ አመጣች። መዝገብ ቤት ፊትና ጀርባውን ማህተም አደረገበት። አቶ ዳኘው «ታይቷል» ብለው ፈረሙበት። ያየው ሰው ግን አልነበረም።

ብናየው ኖሮ ከተራ ቁጥር አምስት ላይ ወይዘሮ ሸጊቱ የሚል ስም እናገኝ ነበር። ወይዘሮ ሸጊቱ የሰባ ስምንት ዓመት እናት ናቸው። ማክሰኝት ገበያ ላይ ሽምብራ እየሸጡ አንድ ልጅ አሳድገው አስተምረዋል፤ አሁን ሽምብጥ ሰፈር ከልጃቸው ቤት ይኖራሉ። ልጃቸው አቶ ዳኘው ናቸው። የብርጓል ይህን አታውቅም፤ የምትሄደው ረፋድ ላይ ስለሆነ ልጅዬውን አግኝታቸው አታውቅም። አቶ ዳኘውም አያውቁም። እናታቸው ጥፍር እንዳላቸው በመርሕ ደረጃ ያምኑ ይሆናል፤ ማን እንደሚቆርጠው ግን ጠይቀው አያውቁም።

የብርጓል ሕግ አክባሪ ስለሆነች መመሪያው በወጣ ዕለት መዞር አቆመች። ደንበኞቿ ይደውላሉ፤ ታግዷል ትላለች። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። ወይዘሮ ሸጊቱ ስኳር በሽታ አለባቸው፤ ሐኪሙም እግርዎ እንዳይቆስል፣ ከቆሰለ በዋዛ አይድንም ብሏቸዋል። ሁለት ወር ያልተነካው የአውራ ጣታቸው ጥፍር ታጥፎ ሥጋቸውን መውጋት ሲጀምር ስልክ አንሥተው፣ አንቺ ልጄ፣ ሕጉ እግር የለውም መሰለኝ አሏት። የብርጓል ያን ዕለት ገንዘብ አልቀበልም፣ እንደ ልጅ ነው የምመጣ ብላ ቦርሳዋን ይዛ ሄደች።

የእኛ የቁጥጥር ዘመቻ የተጀመረው በዚያው ረፋድ ነው። ዘመቻውን የሚመራው ሀዲስ የሚባል ተቆጣጣሪ ነበር። ሀዲስ አሥራ አራቱን አንቀጽ በቃሉ ይወጣዋል። አቶ ዳኘው ጊዜ ለመቆጠብ አርባ የማሸጊያ ወረቀት ባዶውን ፈርመው ሰጥተውታል። እኔ ለመመዝገብ አብሬው ወጣሁ። ዝርዝሩን ተከትለን አራት ቤት ፈተሽን፤ በአራቱም ጥፍራቸው የረዘመ ሰዎች እንጂ ሕገ ወጥ ድርጊት አላገኘንም። አምስተኛው ቤት ገባን። አንዲት ባልቴት በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ እግራቸው ተሠርቶ በፎጣ ተጠቅልሏል፤ ሌላው ሳፋ ውስጥ ነው። የብርጓል ከእግራቸው ሥር ተንበርክካ መቁረጫዋን ይዛለች።

«እማማ» አለ ሀዲስ በአክብሮት፣ «እዚህ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ?»

«የምን ሰሌዳ?»

«የወንድና የሴት የተለየ መጸዳጃስ?»

«ወንድ ያለው አንድ ልጄ ነው» አሉት፣ «እሱም ስብሰባ ይውላል።»

ሀዲስ ወረቀቱን አወጣ። ባልቴቲቱ ልጃቸው የመንግሥት ሰው መሆኑን፣ ቢደወልለት እንደሚሻል ነገሩት። የታሸገበት ሰው ሁሉ የመንግሥት ሰው ዘመድ እንደሚጠቅስ ከልምዱ ያውቃልና ሀዲስ አልተበገረም። እኔም ኃላፊዬ ቤት ተጋብዤ ስለማላውቅ ግቢውን አላወቅሁትም። እማማን ከነወንበራቸው፣ ከነሳፋቸው በክብር ተሸክመን አስፋልቱ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው፤ በሩንም አሸግን።

የብርጓል ተከትላ ወጥታ፣ የጀመርሁትን ልጨርስ፣ ጥፍሩ እየወጋቸው ነው፣ ስኳር አለባቸው አለች። ሀዲስ አንቀጽ አሥራ ሁለትን አነበበላት፤ በእሸጋ ምክንያት የተቋረጠን ጥፍር ያው ባለሙያ ሊቀጥለው አይችልም። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዷ አቶ ዳኘው ዘንድ ደወለች።

አቶ ዳኘው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ደረሱ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነበቡ፤ ከግርጌው ያለውን ፊርማም ለአፍታ ተመለከቱት። ሲፈርሙ ያምርላቸዋል። ከዚያ ዞር ሲሉ እናታቸውን አንድ እግራቸው ሳፋ ውስጥ እንዳለ መንገድ ዳር አዩአቸው። ያን ጊዜ እኔ ሀዲስን አየሁት፤ ሀዲስ መመሪያውን አየ።

«ክፈተው» አሉት።

«ኮሚቴው ሳይወስን እሽግ አይነሣም፤ ለኮሚቴው ደግሞ የሰባት ቀን ጥሪ ያስፈልጋል» አለ ሀዲስ። «እርስዎ ነዎት ያስገቡት፣ ጌታዬ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ብለው።»

ወይዘሮ ሸጊቱ ሥቃዩ ስለበረታባቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የቆመው ሰው ሁሉ አቶ ዳኘውን ይመለከታል። የብርጓል መቁረጫዋን በፎጣ ጠረገችና ዘረጋችላቸው።

«መመሪያው የከለከለው እኔን ነው» አለቻቸው። «ልጅን አልከለከለም። እርስዎ ይቁረጡት፤ እኔ እነግርዎታለሁ።»

አቶ ዳኘው ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። የእናታቸውን እግር ከውኃው አውጥተው በመዳፋቸው ያዙት። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ ጣቶቹ የጎበጡ፣ ገበያ ቆሞ የኖረ እግር ነው። ከፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር ምን እንደሚባል አላውቅም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ያልጻፍሁት ዓይነት ነው። የብርጓል ከጎናቸው ተቀምጣ በቀስታ፣ ቀጥ አድርገው፣ ጥጉን አይንኩት፣ ጥጉ ከተነካ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይበቅላል እያለች መራቻቸው። አንድ ጥፍር ሩብ ሰዓት ፈጀ። በሸሚዛቸው ጀርባ ላይ ላቡ ወረደ። አንዲት ተረት እንኳ አልተናገሩም።

ሲያበቁ ወይዘሮ ሸጊቱ ዓይናቸውን ገልጠው እግራቸውን አዩት፤ ከዚያም ልጃቸውን አዩአቸው።

«ዳኘው» አሏቸው፣ «ጎረቤት ልጅሽ ሥራው ምንድን ነው እያለ ሲጠይቀኝ የምለው አጥቼ እኖር ነበር። ዛሬ ገና ስትሠራ አየሁህ።»

ሀዲስ በመመሪያው እንደታዘዘው ሁሉንም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ የጥሰት ማስረጃ ብሎ ከፋይሉ አስገባው።

ወይዘሮ ሸጊቱ እሽጉ እስኪነሣ ሰባት ቀን ዓባይ ማዶ የብርጓል ቤት ተቀመጡ። አቶ ዳኘው በየቀኑ እየሄዱ ጠየቋቸው። በስምንተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ መመሪያው ዓላማውን ከሚጠበቀው ጊዜ ቀድሞ ስላሳካ እንዲሻር ወሰነ። የየብርጓል ፈቃድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ታተመ። አድራሻ ከሚለው ፊት ክንዱ ብዙ አስቦ «ሲጠሯት ትመጣለች» ብሎ ጻፈ።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ኖሮ መሥሪያ ቤታችን እንደ ወትሮው ይቀጥል ነበር። ግን የዓመቱ ግምገማ ደረሰ። ከበላይ የመጡት ገምጋሚዎች ለሕዝብ የሰጣችሁትን አገልግሎት በፎቶ አሳዩን አሉ። ፎቶዎቻችንን አወጣን፤ ስብሰባ፣ ስብሰባ፣ ወንዛዬ፣ ስብሰባ። ወንዛዬን ቶሎ ገለበጥናት። ከዚያ ከሀዲስ ፋይል ያ ፎቶ ወጣ፤ አንድ ኃላፊ በሸሚዝ፣ መንገድ ዳር ተንበርክኮ፣ የአንዲት አረጋዊት እግር ይዞ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። በዓመቱ ውድድር አንደኛ ወጣን፤ በሚቀጥለውም ሳምንት፣ ይህ ተሞክሮ ይሰፋ ዘንድ ሠራተኛው በሙሉ ቤት ለቤት እየሄደ የአረጋውያንን ጥፍር እንዲቆርጥ የሚል ደብዳቤ ደረሰን። አሠልጣኟ የብርጓል እንድትሆን ተጠየቀች፤ ሥራ ስለሚበዛባት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ፈቀደች።

አሠለጠነችን። ክንዱ በመጀመሪያው ፈተና ወደቀ፤ ከመቁረጡ በፊት ጥፍሩን ቁጥር ይሰጠው ነበር። ሀዲስ ጎበዝ ወጣው፤ ያሉትን ብቻ ያደርጋል። አቶ ዳኘው አለፉ፤ አሁን ከሁላችንም በፊት ማልደው ሳፋቸውን ይዘው የሚወጡት እሳቸው ናቸው። ቢሮውን ቆልፈን ሁላችንም ወጣን።

ይኸውና ስድስተኛ ሳምንታችን ነው። ትናንት የእኔ ተራ የኔታ ተክለ ጊዮርጊስ ቤት ነበር። የኔታ ሐይቁ ውስጥ ካለ ደሴት ገዳም ለሃምሳ ዓመት ቅኔ ያስተማሩ፣ ማኅሌት ሲቆሙ እግራቸው ያበጠ መምህር ናቸው። እግራቸውን ዘፈዘፍሁ። ሥራህ ይህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ ንግድ ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ ነኝ፣ ለጊዜው ቆልፈን ወጥተን ነው አልኋቸው።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ ለዳቦ ቤት ፈቃድ ብላ ሁለት ዓመት ተመላለሰችባችሁ» አሉኝ። «ባለፈው ወር ብትሄድ በሩ ተቆልፎ አገኘችው። ጊዜ ተረፋትና ዳቦውን ጋገረችው።»

ዳቦውን አቀረቡልኝ፤ ጥሩ ዳቦ ነው። ሥራዬን ጨርሼ ስነሣ መስቀላቸውን አወጡና፣ ልጄ፣ አንተንም ጓደኞችህንም፣ እግዚአብሔር እንደ ዘጋችሁ ያቆያችሁ ብለው መረቁኝ።

አሜን አልሁ። ከመምህር አፍ የወጣ ምርቃት አይመለስም።